የቤት ዕቃ ሁለት ዋጋ አለው

ዛሬ ላነሳላችሁ ያሰብኩት ጉዳይ ከአገርና ከዓለም አበይት ጉዳዮች ጎን ሲቆም ተራ ሊመስል ይችላል። ነገሩ ስለ አምፖል፣ ስለ ምጣድ፣ ስለ ከሰል ማንደጃና ስለ ፍሪጅ ነው። ይሁን እንጂ የአንድ ቤተሰብ ገንዘብ በአብዛኛው ሾልኮ የሚወጣው በትልቁ በር ሳይሆን በእነዚህ ትንንሽ ቀዳዳዎች ነው። ከገንዘቡም በላይ የእናቶቻችን ዓይንና ሳንባ አብሮ ይከፍላል። ስለዚህ ለጥቂት ደቂቃ ትዕግሥታችሁን እለምናለሁ።

ጉዳዩን እንዳነሳ ያደረገኝ ባለፈው ዓመት ወደ ሺንሺቾ ያደረግሁት ጉዞ ነው። ሺንሺቾ በማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል፣ በከምባታ ዞን፣ የቃጫ ቢራ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ዙሪያዋን እንሰት የከበባት፣ መሬቷ ጠባብ፣ ሕዝቧ ብዙ የሆነች ለምለም አገር ነች። አክስቴ እዚያ ይኖራሉ። የእሳቸው ልጅ እንደ ብዙዎቹ የከምባታና የሃዲያ ወጣቶች ደቡብ አፍሪካ ከሄደ ዓመታት አልፈዋል። በአንዲት ትንሽ ሱቅ ውስጥ ከንጋት እስከ ምሽት ቆሞ ይውላል። በዚያች አገር በ2000 እና በ2007 ዓ.ም. በውጭ ዜጎች ሱቆች ላይ የደረሰው ዘረፋና ግድያ ከማናችንም አእምሮ አልጠፋም። ከዚያ የሚላክ ገንዘብ ምን ዓይነት ገንዘብ እንደሆነ እንግዲህ ከዚህ በላይ ማብራራት አያስፈልገኝም።

ይህ የአክስቴ ልጅ ጠንከር ያለ ገንዘብ ላከና በስልክ አደራ አለኝ። «አንተ የተማርክ ነህ፤ ለእናቴ ትልቅ ፍሪጅ፣ ባለ አራት ምድጃ የኤሌክትሪክ ስቶቭና ሰፊ ቴሌቪዥን መርጠህ ግዛላት። ቤቱ ሲሞላ ፎቶ አንስተህ ላክልኝ» አለኝ። እሺ ብዬ ተነሳሁ። ሺንሺቾ ስደርስ ግን ያገኘሁት ሌላ ነገር ነበር።

አክስቴን ያገኘኋቸው ከዋናው ቤት ጀርባ ባለችው ማድቤት ውስጥ ነው። ሦስት ጉልቻ ላይ ምጣድ ጥደዋል። የባሕር ዛፍ ቅጠልና የደረቀ የእንሰት ቅጠል ይማግዳሉ። ጭሱ ከጣራ እስከ ወለል ሞልቶታል። ዓይናቸው ቀልቶ፣ በነጠላቸው ጫፍ እያበሱ፣ እያሳላቸው «ና ግባ ልጄ፣ ግን ዝቅ በል» አሉኝ። ጭሱ ከላይ ስለሚወፍር ዝቅ ብሎ መግባት የቤቱ ደንብ ሆኗል። የልጃቸውን ሐሳብ ስነግራቸው ጥቂት ዝም አሉና «ፍሪጅ ውስጥ ምን ላስቀምጥ ነው? ቆጮው ጉድጓድ ውስጥ ነው ያለው። እኔ የምፈልገው ከዚህ ጭስ የሚያወጣኝን ነው» ሲሉ መለሱልኝ።

ለመሆኑ የቤት ዕቃ ስንገዛ መጀመሪያ የምንጠይቀው ጥያቄ የትኛው ነው? አብዛኞቻችን «ስንት ነው?» ብለን እንጀምራለን። ይህ ጥያቄ ትክክል ቢሆንም ግማሽ ጥያቄ ነው። ማንኛውም በኃይል የሚሠራ ዕቃ ሁለት ዋጋ አለው። አንደኛው ሱቅ ውስጥ አንድ ጊዜ የምንከፍለው ነው። ሁለተኛው ዕቃው እስኪያረጅ ድረስ በየወሩ በቆጣሪው፣ በከሰሉ ወይም በማገዶው የምንከፍለው ነው። የመጀመሪያውን ዋጋ ነጋዴው ይነግረናል። ሁለተኛውን ግን ራሳችን አስልተን መድረስ አለብን።

በዚህ ረገድ እኔ ራሴ የተቀጣሁበትን ልንገራችሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አዲስ አበባ ውስጥ ያገለገለ ትልቅ ፍሪጅ ገዛሁ። ዋጋው ከአዲሱ በእጅጉ ያነሰ ስለነበር ያተረፍኩ መስሎኝ ነበር። የወሩ ሒሳብ ሲመጣ ግን ደነገጥኩ። አንድ ምሽት በቤቱ ያለውን መብራትና ዕቃ ሁሉ አጠፋሁ። ፍሪጁን ብቻ ትቼ የቆጣሪውን ቁጥር ጻፍኩና ተኛሁ። ከ10 ሰዓት በኋላ ተነስቼ ባየው 2 ኪሎዋት ሰዓት ቆጥሯል። በቀን 5 ያህል፣ በወር 150 ገደማ ማለት ነው። የበሩ ጎማ አርጅቶ ቅዝቃዜው ስለሚያመልጥ ሞተሩ ማረፍ አልቻለም ነበር። ርካሽ ብዬ የገዛሁት ዕቃ በየወሩ እንደ ቤት ኪራይ ያስከፍለኝ ኖሯል።

ሒሳቡ እንዴት ይሠራል?

ሒሳቡ ከአራተኛ ክፍል ማባዛት አያልፍም። በዕቃው ጀርባ ወይም ሥር «ዋት» ተብሎ የተጻፈ ቁጥር አለ። ያንን ዕቃው በቀን በሚሠራበት ሰዓት አባዙት። ውጤቱን ለ1,000 አካፍሉት። የምታገኙት ኪሎዋት ሰዓት ይባላል፤ ቆጣሪው የሚቆጥረውም ይህንኑ ነው። ለወር ስትፈልጉ በ30 ቀን አባዙት።

በአክስቴ ቤት የነበረውን እንውሰድ። አራት ባለ 60 ዋት የድሮ አምፖሎች በየቀኑ 5 ሰዓት ይበራሉ። 4 በ60 በ5 ሲባዛ 1,200 ዋት ሰዓት ይሆናል። ይህ በቀን 1.2፣ በወር 36 ኪሎዋት ሰዓት ነው። እነዚህን በባለ 9 ዋት ኤል ኢ ዲ አምፖሎች ብንተካቸው ያው ብርሃን በወር በ5.4 ኪሎዋት ሰዓት ይገኛል። በወር ከ30 በላይ ይተርፋል ማለት ነው።

ይህ ልዩነት ከየት መጣ? የድሮው አምፖል ቀጭን ሽቦ እስኪግል በማሞቅ የሚያበራ ነው። ከሚወስደው ኃይል 5 በመቶ ገደማው ብቻ ብርሃን ሲሆን የቀረው ሙቀት ሆኖ ይባክናል። በመሠረቱ እየበራ ያለ ትንሽ ምድጃ ነው። ኤል ኢ ዲ ግን ሽቦ ሳያግል ኤሌክትሪክን በቀጥታ ወደ ብርሃን ይለውጣል። ለነጩ ብርሃን መንገድ የከፈተውን ሰማያዊ ኤል ኢ ዲ የፈጠሩት ሦስት በጃፓን የተወለዱ ሳይንቲስቶች፣ አካሳኪ፣ አማኖና ናካሙራ፣ እ.ኤ.አ. በ2014 የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት ተሰጥቷቸዋል።

በአገራችንም ቢሆን ትምህርቱ አዲስ አይደለም። በ2001 እና በ2002 ዓ.ም. ገደማ የኃይል እጥረት በበረታበት ወቅት የቀድሞው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ኮርፖሬሽን የድሮውን አምፖል እየተቀበለ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ቆጣቢ አምፖሎችን በነጻ ማደሉን ብዙዎቻችን እናስታውሳለን። እነዚያ ጥምዝምዝ አምፖሎች በውስጣቸው ጥቂት ሜርኩሪ አላቸው። እስከ ዛሬ በቤታችሁ ካሉና ከተሰበሩ መስኮት ከፍታችሁ ስባሪውን በእጅ ሳትነኩ ሰብስቡት። ዛሬ የሚገዛው ኤል ኢ ዲ ይህ ችግር የለበትም።

ኤል ኢ ዲ ስትገዙ ደግሞ ዋቱን ብቻ አትመልከቱ። ዋት የሚነግረን የሚበላውን እንጂ የሚሰጠውን አይደለም። የብርሃኑ መጠን የሚለካው በ«ሉመን» ነው። የድሮው ባለ 60 ዋት አምፖል 800 ሉመን ያህል ይሰጣል። 9 ዋት የሚል አምፖል ካርቶኑ ላይ ወደ 800 ሉመን ካልተጻፈበት፣ ወይም ጭራሽ ሉመን ካልተጻፈበት፣ መጠራጠር ተገቢ ነው።

ምጣዱስ?

አሁን ወደ አክስቴ ጥያቄ እንመለስ። የኤሌክትሪክ ምጣድ በቤታችን ካሉት ዕቃዎች ሁሉ የበለጠ ኃይል የሚስብ ነው። በአብዛኛው ከ3,000 እስከ 4,000 ዋት ይወስዳል። በዚህ ምክንያት ብዙ ሰው ይፈራዋል። ነገር ግን ፍርሃቱን በሒሳብ እንፈትነው። 3,500 ዋት የሆነ ምጣድ በሳምንት አንድ ጊዜ ለአንድ ሰዓት ተኩል ቢጋገርበት 5.25 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። በወር አራት ጊዜ ሲሆን 21 ነው። ከአምፖሎቹ ያተረፍነው ከ30 በላይ መሆኑን አስታውሱ። እንግዲህ አራት አምፖል በመለወጥ ብቻ የምጣዱ ፍጆታ ተሸፍኖ ትርፍ ይቀራል! የአክስቴ ቤት ጠቅላላ ፍጆታ ከ36 ወደ 26.4 ይወርዳል። ከማገዶውም ከጭሱም መገላገሉ ሌላ ትርፍ ነው።

ይህ ቁጥር ሌላም ጥቅም አለው። የኤሌክትሪክ ታሪፋችን በእርከን የተከፋፈለ ነው። እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት የሚጠቀም ቤተሰብ ዝቅተኛውን ዋጋ ሲከፍል፣ ፍጆታው ከፍ ባለ ቁጥር የእያንዳንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋም ከፍ ይላል። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮም ታሪፉ በአራት ዓመት ውስጥ ደረጃ በደረጃ እንዲስተካከል ተወስኗል። ስለዚህ ትላንት ችላ ያልነው ብክነት ነገ ከኪሳችን በብዙ እጥፍ ይወጣል።

ምጣድ ስትመርጡ የሚከተሉትን ተመልከቱ። አንደኛ፣ ሸክላው ወፍራም በሆነ ቁጥር ለመጋል ብዙ ጊዜና ኃይል ይፈጃል። ሁለተኛ፣ ሲጋገር ጎኑንና ሥሩን በጥንቃቄ ሞክሩ። እጅ የማያስጠጋ ከሆነ ሙቀቱ ወደ እንጀራው ሳይሆን ወደ ግድግዳው እየሄደ ነው፤ በውስጡ ሙቀት የሚያግድ ነገር በሚገባ አልተሞላም ማለት ነው። ሦስተኛ፣ አክንባሎው ገጥሞ መክደን አለበት። አራተኛ፣ ምጣዱ አንዴ ከጋለ በኋላ ሳታቋርጡ ጋግሩ። ለማጋል ብቻ ሩብ ሰዓት ቢወስድ ወደ 0.9 ኪሎዋት ሰዓት አንድም እንጀራ ሳይወጣ ይሄዳል። በሳምንት ሁለት ጊዜ ጥቂት ጥቂት ከመጋገር አንድ ጊዜ መጨረሱ፣ ወይም ሁለት ጎረቤታሞች ተከታትለው በአንድ ግለት መጋገሩ ይሻላል።

የመጋገሪያው ሰዓትም የራሱ ምሥጢር አለው። በብዙ ከተሞች ማታ ማታ ሁሉም ሲያበራ የመስመሩ ቮልቴጅ ይወርዳል። ቮልቴጁ ከ220 ወደ 180 ቢወርድ የምጣዱ ጉልበት በዚያው መጠን የሚቀንስ ይመስለናል። እውነታው ግን ከዚያ የከፋ ነው። ጉልበቱ ወደ ሁለት ሦስተኛ ይወርዳል፤ 3,500 ዋት የነበረው 2,300 ገደማ ይሆናል። ያን ጊዜ ምጣዱ በደንብ ሳይግል ይቆያል፣ እንጀራውም ይበላሻል፣ ሰዓቱም ይረዝማል። ስለዚህ በጠዋት ወይም በቀትር መጋገር ለራስም ለጎረቤትም ይጠቅማል።

ከሁሉ በላይ ግን ስለ ገመዱ! 3,500 ዋት በ220 ቮልት ወደ 16 አምፔር ይስባል። ለአክስቴ ምጣዱን ሊገጥም የመጣው ባለሙያ መስመሩን ከሳሎኑ ሶኬት በቀጭን ገመድ ሊቀጥል ሲዘጋጅ ደረስኩበት። «ሁሉም ሰው እንዲህ ነው የሚያስገጥመው» አለኝ። እኔም «ሁሉም ቤት ግን እስኪቃጠል አልተጠበቀም» አልኩት። ለመብራት የሚዘረጋው 1.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ገመድ ምጣድን አይችልም። ይግላል፣ ልባሱ ይቀልጣል፣ በመጨረሻም እሳት ያስነሳል። ምጣድ ከቆጣሪው የሚነሳ የራሱ መስመር፣ 4 ሚሊ ሜትር ካሬ ገመድ፣ የራሱ ማቋረጫና የመሬት መስመር ያስፈልገዋል። ባለሙያው ለገመዱ የጠየቀው ተጨማሪ ገንዘብ ከቴሌቪዥኑ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ከቁጥር የሚገባ አልነበረም። ምጣድና ስቶቭን በማከፋፈያ ሶኬት ላይ መሰካትም ፈጽሞ የማይደረግ ነው።

መብራት የሌለበት ቤትስ?

ከሕዝባችን ግማሽ ያህሉ ገና ኤሌክትሪክ አላገኘም። ያገኘውም ቢሆን ሁልጊዜ አያገኝም። ስለዚህ ስለ ማገዶና ስለ ከሰል ማውራት ኋላ ቀርነት አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2020 በቤት ውስጥ በሚፈጠር የአየር ብክለት ምክንያት 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በዓለም ላይ ሕይወታቸውን አጥተዋል። ከእነዚህ ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ናቸው፤ ማድቤት የሚውሉት እነሱ ናቸውና።

ሦስት ጉልቻ እሳቱን በሁሉም አቅጣጫ ይበትናል። በአገራችን ባለሙያዎች በ1980ዎቹ ዓ.ም. የተሠራው «ምርጥ» የተባለው የእንጀራ ምድጃ እሳቱን ዙሪያውን ከብቦ ወደ ምጣዱ ብቻ እንዲሄድ ያደርጋል። የሚሠራው ከሲሚንቶና ከቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። የማገዶ ፍጆታን ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር እስከ ግማሽ ይቀንሳል። ከኋላ በሚወጣው ትኩሳትም ድስት ይጣድበታል። «ላቀች» የተባለው የከሰል ማንደጃ ደግሞ በውስጡ ሸክላ ስላለው ከተራው የቆርቆሮ ማንደጃ ሩብ ያህል ከሰል ያተርፋል። እነዚህን ማንኛውም የሠለጠነ የሠፈር ሠራተኛ ሊሠራቸው ይችላል። ዳሩ ግን ቆጣቢ ምድጃም ቢሆን ጭስ አያጣም። በር ወይም መስኮት መክፈት፣ ከሰልን ደግሞ በተዘጋ ቤት ውስጥ አለማንደድ የሕይወት ጉዳይ ነው።

የተቀረው ሁሉ በየዕለቱ ልማድ ውስጥ ያለ ነው። ባቄላና ሽምብራ አሳድሮ መዘፍዘፍ፣ ድስት መክደን፣ ሥሩ ያልጎበጠ ድስት በኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ መጣድ፣ ለሁለት ሰው ሻይ አንድ ሙሉ ጀበና ውኃ አለማፍላት። እነዚህ አንድም ሳንቲም አያስወጡም። እስልምናም ቢሆን ኢስራፍን፣ ማለትም ብክነትን፣ የከለከለው የሚባክነው ነገር ሲያልቅ ብቻ አይደለም። በወራጅ ወንዝ ዳር ውዱእ የሚያደርግ ሰው እንኳ ውኃ እንዳያበዛ ተምረናል። ወንዙ አያልቅም፤ የሚበላሸው ግን የሰውየው ልማድ ነው።

«ግድቡ ተመርቆ የለም እንዴ?»

አንዳንድ አንባብያን «ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፤ ለከምባታ ቅርብ በሆነው የኦሞ ወንዝ ላይም 1,870 ሜጋዋት የሚያመነጨው ግልገል ጊቤ ሦስት ከ2009 ዓ.ም. ጀምሮ ይሠራል። ታዲያ ቁጠባው ለምንድነው?» ትሉኝ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን ግድቡ ያመነጨው ኃይል ቤታችን የሚደርሰው በመስመርና በትራንስፎርመር ነው። አንድ የሠፈር ትራንስፎርመር የሚሸከመው መጠን የተወሰነ ነው። አንዱ ቤት በከንቱ የሚያባክነው ኃይል በዚያችው ምሽት የጎረቤቱን መብራት ያደበዝዛል። በሌላ በኩል ገና ያልደረሳቸው ወገኖቻችን እየጠበቁ ናቸው።

ዕቃው ከውጭ የሚገባ በመሆኑም የምንዛሪው ለውጥ በቀጥታ ይነካናል። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ማሻሻያ በኋላ የዕቃ ዋጋ ምን ያህል እንደናረ ሁላችንም ቀምሰነዋል። በዚህ ዘመን ስቶ መግዛት ውድ ስሕተት ነው። ፍሪጅ የግድ ካስፈለጋችሁ ለቤተሰባችሁ ልክ የሆነውን ምረጡ። ያረጀ ትልቅ ፍሪጅ በዓመት ከ500 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ሊፈጅ ሲችል፣ አዲስና ቆጣቢው በግማሹ ሊሠራ ይችላል። በሩ ላይ ወረቀት አጣብቃችሁ ዝጉትና ሳቡት፤ ያለ ትግል ከወጣ ጎማው አልቋል። ከአውሮፓ በሚመጣ ዕቃ ላይ የተለጠፈውን ደረጃ ስታዩም ዓመቱን ጠይቁ። እ.ኤ.አ. ከመጋቢት 2021 ወዲህ የፍሪጅ ደረጃው ከ«ኤ» እስከ «ጂ» ተብሎ እንደገና ስለተስተካከለ፣ «ኤ» ላይ ሦስት የመደመር ምልክት የተደረደረበት ዕቃ የቀድሞው መለኪያ ነው።

በመጨረሻ የሆነውን ልንገራችሁ። ለአክስቴ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከነራሱ መስመር፣ አራት ኤል ኢ ዲ አምፖል፣ መብራት ሲጠፋ የሚሆን ምርጥ ምድጃና አንድ ባለ ሁለት ምድጃ ትንሽ ስቶቭ ተገዛ። ከተላከው ገንዘብ ከግማሽ በላይ ተረፈ። ፎቶውን ስልክለት የአክስቴ ልጅ አልተደሰተም። «ይህን ለማን አሳያለሁ? ሰው ምን ይላል?» አለኝ። አልፈረድኩበትም። በሰው አገር ቆሞ የሚውል ሰው ድካሙ በዓይን የሚታይ ነገር እንዲሆንለት ይመኛል።

ስልኩን ለአክስቴ ሰጠኋቸው። «ልጄ፣ ትላንት ጋገርኩ፤ ቆሜ ጋገርኩ» አሉት። ቆመው መጋገራቸው ለእሱ ምን ማለት እንደሆነ አውቋል፤ በዚያች ማድቤት ዝቅ ብሎ ያደገ ልጅ ነው። ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከዚያም የተረፈው ገንዘብ ለታናሽ እኅቱ ትምህርት እንዲሆን ነገራቸው።

ውድ አንባብያን! ነገ ሱቅ ስትገቡ «ስንት ነው?» ከማለታችሁ በፊት ሦስት ጥያቄ ያዙ። ስንት ዋት ነው? በቀን ስንት ሰዓት ይሠራል? በቤታችን የማንን ድካም ይቀንሳል? የሦስቱን መልስ ይዞ የሚገዛ ሰው፣ ኢንሻ አላህ፣ አይጸጸትም።